ቀለምን ከባዕድ ነገር ስለ መጠበቅ

ገላጭ ድርሰት አንድ ነገር ምን እንደ ሆነ፣ እንዴት እንደሚሠራና ለምን እንደዚያ እንደሚሆን ለአንባቢ የሚያስረዳ የድርሰት ዓይነት ነው። ጥሩ ገላጭ ድርሰት «ይህን አድርግ» ብሎ ብቻ አያልፍም፤ ምክንያቱንም አብሮ ያቀርባል። ቀጥሎ ያለው ምንባብ ተሽከርካሪ በግቢ ውስጥ ሲቀባ ስለሚያጋጥም ችግር ያስረዳል። በምታነቡበት ጊዜ እያንዳንዱ ተግባር ከምክንያቱ ጋር እንዴት እንደ ተያያዘ ልብ በሉ።

ምንባብ

አቦቦ በጋምቤላ ክልል ውስጥ፣ ከጋምቤላ ከተማ በስተደቡብ 40 ኪሎ ሜትር ያህል ርቃ በቆላማው ሜዳ ላይ የምትገኝ ከተማ ናት። በአቅራቢያዋ የአልዌሮ ወንዝ ይፈሳል፤ በወንዙም ላይ ሥራው በ1980ዎቹ (እ.ኤ.አ.) የተጀመረው የአልዌሮ የመስኖ ግድብ አለ። አገሩ ሞቃት ነው፤ በበጋው መጨረሻ የቀኑ ሙቀት ወደ 40 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ይጠጋል። ዝናቡ በአብዛኛው ከግንቦት እስከ ጥቅምት ይጥላል፤ በዚያን ጊዜ አየሩ በእርጥበት ይሞላል። ከዚያ በኋላ መሬቱ ይደርቃል፤ የደረቀው ሣር ሲቃጠል ጥላሸቱ በነፋስ ይበተናል፤ ከአፈሩም መንገድ የሚነሣው አቧራ ቤቱንም ዛፉንም ያለብሳል።

እንዲህ ባለው አገር ባጃጅና ሞተር ብስክሌት የብዙ ወጣቶች እንጀራ ናቸው። እንበልና አንድ ወጣት ያገለገለ ባጃጅ በብድር ገዛ። ቀለሙ ተልጧል፤ ላሜራውም መዛግ ጀምሯል። ለጋራዥ የሚከፍለው ገንዘብ ስለሌለው በግቢው ውስጥ በቆርቆሮ ጣራ ሥር ራሱ ሊቀባው ወሰነ። ቀለም ገዛ፤ ኮምፕሬሰር ተከራየ፤ ቀኑን ሙሉ ሲለፋ ዋለ። ማታ ሲያየው የሚያብረቀርቀው ባጃጅ ጧት ሲነጋ በእጅ ሲዳሰስ ሻካራ ሆኖ ተገኘ። በጎኑ ላይ የምስር ፍሬ የሚያህሉ ክብ ጉድጓዶች ታይተዋል፤ በጣራው ላይ ደግሞ ትንኞች ተጣብቀው ደርቀዋል። ከጥቂት ወራት በኋላም ቀለሙ ይላጥ ጀመር። ገንዘቡና ድካሙ ከንቱ ቀሩ። ታዲያ ጥፋቱ የማን ነው? የቀለሙ ነውን? አብዛኛውን ጊዜ አይደለም። ጥፋቱ በቀለሙና በላሜራው መካከል፣ ወይም በቀለሙ ላይ የገባው ባዕድ ነገር ነው።

1. ባዕድ ነገር ምንድን ነው?

በቀለም ሥራ ባዕድ ነገር የሚባለው ከራሱ ከቀለሙና ከሚቀባው አካል በስተቀር በመካከላቸው የሚገኝ ማንኛውም ነገር ነው። አንድ ጊዜ የተረጨ ቀለም ከደረቀ በኋላ ውፍረቱ ከ0.02 እስከ 0.05 ሚሊ ሜትር ያህል ብቻ ነው። የሰው ጠጕር ውፍረት ደግሞ ከ0.05 እስከ 0.1 ሚሊ ሜትር ይሆናል። እንግዲህ አንዲት ጠጕር ወይም አንዲት የአቧራ ቅንጣት ቀለሙ ላይ ብትወድቅ በውስጡ ሰምጣ ልትሸሸግ አትችልም፤ እንደ ጉብታ ሆና ትታያለች። ቀለም መቀባት ይህን ያህል ንጽሕና የሚጠይቀው ስለዚህ ነው።

ባዕድ ነገሮችን በአራት ወገን ከፍለን ልናያቸው እንችላለን። አንደኛው ደረቅ ነገር ነው፤ አቧራ፣ ጥላሸት፣ የጨርቅ ክርና ነፍሳት በዚህ ይጠቃለላሉ። ሁለተኛው ቅባት ነው፤ ግሪስ፣ ዘይት፣ ሰም፣ የእጅ ወዝና የመኪና ማስዋቢያ ቅባቶች በዚህ ውስጥ ይገባሉ። ሦስተኛው እርጥበት ነው። አራተኛው ከላሜራው ጋር የቆየ ርዝራዥ ነው፤ ዝገት፣ ያልታጠበ ሳሙና እንዲሁም የወፍ ኩስ ለዚህ ምሳሌ ይሆናሉ። እነዚህ አራቱ የሚያደርሱት ጉዳት የተለያየ ስለ ሆነ መከላከያቸውም የተለያየ ነው።

2. ቅባት

ከአራቱ ሁሉ ተንኮለኛው ቅባት ነው፤ ምክንያቱም በዐይን አይታይም። ወጥ የተበላበትን ሳህን ሳትፈትጉ ውኃ ብታፈሱበት ውኃው በሳህኑ ላይ ተዘርግቶ አይቆይም፤ ከቅባቱ እየሸሸ እንደ ዶቃ ይንጠባጠባል። ቀለምም ፈሳሽ እስከ ሆነ ድረስ እንዲሁ ያደርጋል። ቅባት ካለበት ቦታ ይሸሽና ክብ ጉድጓድ ትቶ ይደርቃል። እነዚህ ጉድጓዶች የዓሣ ዐይን ስለሚመስሉ በሌላው ዓለም የሚገኙ ባለሙያዎች በዚሁ ስም ይጠሯቸዋል። በተለይ የጎማና የዳሽቦርድ ማብረቅረቂያ ቅባቶች ብዙዎቹ ሲሊኮን የተባለ ነገር ስላለባቸው አደገኞች ናቸው። ጥቂት ሲሊኮን ሰፊ ቦታ ያበላሻል። ስለዚህ ቀለም በሚቀባበት ግቢ ውስጥ እነዚህን ቅባቶች ጨርሶ አለማስገባት ይሻላል።

ቅባትን የማስወገድ ሥራ ቅደም ተከተል አለው። በመጀመሪያ ተሽከርካሪው በሳሙናና በብዙ ውኃ ይታጠባል፤ ሳሙናው እስኪለቅ ድረስም በንጹሕ ውኃ ይለቀለቃል። ቀጥሎ በቅባት ማስለቀቂያ ፈሳሽ ይጠረጋል። ከዚያ በኋላ ብቻ በብርጭቆ ወረቀት ይፈተጋል። ብዙ ጀማሪዎች ይህን ቅደም ተከተል ገልብጠው ሳያጥቡ ይፈትጋሉ። እንዲህ ሲሆን ብርጭቆ ወረቀቱ ቅባቱን አያነሣውም፤ ይልቁንም በጫረው ጭረት ውስጥ እየጠቀጠቀ ይቀብረዋል። ከፍተጋው በኋላም በቅባት ማስለቀቂያው እንደ ገና መጥረግ ያስፈልጋል።

አጠራረጉም ዘዴ አለው። በአንድ እጅ ፈሳሹን የጠጣ ጨርቅ፣ በሌላው እጅ ደረቅና ንጹሕ ጨርቅ ይያዛል። የመጀመሪያው ጨርቅ ቅባቱን ያሟሟል፤ ሁለተኛው ፈሳሹ ሳይደርቅ ከነቅባቱ ያነሣዋል። ፈሳሹ በላሜራው ላይ እንዲደርቅ ከተተወ ግን ቅባቱ ከአንዱ ቦታ ወደ ሌላው ተዛወረ እንጂ አልተወገደም። ለዚህ ሥራ ናፍታ መጠቀም ስሕተት ነው፤ ናፍታ ራሱ ቅባት ትቶ ይሄዳልና። ቤንዚንም በቀላሉ እሳት ስለሚይዝ ለሕይወት ያሰጋል።

ላሜራው በእርግጥ መንጻቱን ለማወቅ ቀላል ፈተና አለ። ንጹሕ ውኃ ቀስ አድርጋችሁ አፍስሱበት። ውኃው እንደ አንድ ስስ ሉሕ ሳይቆራረጥ ከተዘረጋ ላሜራው ንጹሕ ነው። እየተቆራረጠ ዶቃ ከሠራ ግን ቅባት ስላለ ሥራው ይደገማል። ፈተናው ካለፈ በኋላ ላሜራው በደንብ ይድረቅ፤ ከዚያም ወዲያ በባዶ እጅ አትንኩት። የእጅ ወዝ ዐሻራችሁን ጥሎ ይቀራልና።

3. እርጥበት

አየር ሁልጊዜ ጥቂትም ቢሆን የውኃ ተን ይይዛል። የ30 ዲግሪ ሙቀት ያለው አንድ ሜትር ኩብ አየር ቢበዛ 30 ግራም ያህል ተን ሊይዝ ይችላል። በዝናብ ወራት 24 ግራም ይዟል እንበል። ኮምፕሬሰር ይህን አየር ወደ ስምንተኛ እጁ ጨምቆ ሲያስቀምጠውና አየሩ ወደ 30 ዲግሪ ሲመለስ፣ የተጨመቀው አየር ሊይዝ የሚችለው ተን ከ4 ግራም ያነሰ ነው። የቀረው 20 ግራም ውኃ ይሆናል። የቀለም መርጫው በደቂቃ 200 ሊትር አየር ቢፈልግ፣ በ10 ደቂቃ ውስጥ 2 ሜትር ኩብ አየር ይጠቀማል፤ ይህም 40 ግራም ያህል ውኃ ማለት ነው። ይህ ውኃ መንገድ ካልተዘጋበት በቱቦው በኩል ሄዶ ከቀለሙ ጋር ይረጫል።

መከላከያው ሦስት ነው። የመጀመሪያው ከኮምፕሬሰሩ ጋን ሥር ያለውን መክፈቻ በየቀኑ፣ በዝናብ ወራትም በሥራ መካከል እየከፈቱ ውኃውን ማስወጣት ነው። ሁለተኛው አየሩ በመንገድ ላይ እንዲቀዘቅዝ ቱቦውን ረዘም ማድረግ ነው። ሦስተኛው የውኃ ማጥመጃውን ከኮምፕሬሰሩ አጠገብ ሳይሆን ከመርጫው በኩል ባለው ጫፍ መትከል ነው። ከኮምፕሬሰሩ አጠገብ አየሩ ገና ትኩስ ስለ ሆነ ውኃው በተን መልክ ማጥመጃውን ያልፈዋል፤ ከቀዘቀዘ በኋላ ግን ጠል ሆኖ ይያዛል።

እርጥበት በላሜራው ላይም ይገኛል። ጧት በሣር ላይ የምታዩት ጠል በብረትም ላይ ያርፋል። ስለዚህ ላሜራው ጠል ከሚፈጠርበት የሙቀት ልክ ቢያንስ በ3 ዲግሪ የሞቀ መሆን አለበት የሚል መመሪያ አለ። መለኪያ የሌለው ሰው ፀሐይ ወጥታ ብረቱን ካሞቀችውና ጠሉ ፈጽሞ ከጠፋ በኋላ ሥራውን ቢጀምር መልካም ነው። ይሁን እንጂ በቀትር ፀሐይ የጋለ ላሜራም አይቀባም፤ የቀለሙ ፊት ቶሎ ደርቆ ቲነሩን ከሥር ያፍነዋል፤ የታፈነውም ቲነር ሲወጣ ቀለሙን እየበሳ ያቈረፍደዋል።

4. አቧራና ነፍሳት

በዱሮ ዘመን ተሽከርካሪ የሚቀባው በብሩሽ ነበር፤ ቀለሙም እስኪደርቅ ሳምንታት ይፈጅ ስለ ነበር አቧራ ዋነኛ ጠላቱ ነበር። በ1920ዎቹ (እ.ኤ.አ.) ቶሎ የሚደርቅ ቀለም በአሜሪካ ተሠርቶ ከመርጫው ጋር ሲጣመር ሥራው ከሳምንታት ወደ ሰዓታት አጠረ። በ1925 ደግሞ ሪቻርድ ድሩ የተባለ አሜሪካዊ፣ መኪና ቀቢዎች ሁለት ቀለም ለይተው ለመቀባት ሲቸገሩ አይቶ ሳይጎዳ የሚላቀቅ የወረቀት ፕላስተር ፈለሰፈ። ዛሬ መስታወትና መብራት ቀለም እንዳይነካቸው የሚሸፈኑበት ፕላስተር ይኸው ነው። ይሁን እንጂ ቶሎ የሚደርቅ ቀለምም ቢሆን አቧራ የማይይዘው እስኪሆን ድረስ ጊዜ ይፈልጋል፤ ያን ጊዜ ከአቧራ መጠበቅ የቀቢው ተግባር ነው።

አቧራ የሚመጣው ከውጭ ብቻ አይደለም። ከራሱ ከተሽከርካሪው ስንጥቅ፣ ከጣራው ማገር፣ ከወለሉና ከቀቢው ልብስ ይመጣል። ስለዚህ ከሥራው በፊት በነበረው ቀን ጣራውና ግድግዳው ይጠረግ፤ የተሽከርካሪው ስንጥቅ ሁሉ በአየር ይነፋ፤ ዙሪያውም በንጹሕ ፕላስቲክ ይጋረድ። የሱፍ ሹራብ ለብሶ መቀባት ክር ይዘራል። ቀለሙም ወደ መርጫው ከመግባቱ በፊት በማጥለያ ይጠለል፤ በቆርቆሮው አፍ ላይ የደረቀ ቅርፊት አብሮ ይገባልና።

ወለሉን በውኃ ማርከፍከፍ አቧራውን ያስተኛዋል። ነገር ግን እዚህ ላይ ማስተዋል ያስፈልጋል። በበጋ ጠቃሚ የሆነው ይህ ዘዴ በክረምት በእርጥበት የተሞላውን አየር ይብስ ያረጥበዋል። በአንድ ወራት መድኃኒት የሆነ ነገር በሌላው ወራት በሽታ ሊሆን ይችላል። የአካባቢን ጠባይ ማወቅ የሚጠቅመውም ስለዚህ ነው።

ጥላ ፍለጋ ከማንጎ ዛፍ ሥር መቀባትም አይበጅም፤ ከዛፉ የሚያጣብቅ ፈሳሽ፣ ቅጠልና የወፍ ኩስ ይወድቃል። ማታ በአምፑል ብርሃን መቀባት ደግሞ በውኃ አጠገብ ባሉ አገሮች ነፍሳትን እንደ መጥራት ይቆጠራል። ይህ ሁሉ ጥንቃቄ ተደርጎ ሳለ ነፍሳት ቢያርፉ፣ እርጥቡን ቀለም በጣት መነካካት ጉዳቱን ያሰፋዋል። ቀለሙ በሚገባ እስኪደርቅ መታገሥ፣ ከዚያም ቁጥሩ 1500 ወይም 2000 በሆነ ለስላሳ ብርጭቆ ወረቀት በውኃ እየፈተጉ ማለስለስና መወልወል ይሻላል።

5. ቀለሙ ራሱ ባዕድ ነገር ሲሆን

እስካሁን ያየነው ከአካባቢው ወደ ቀለሙ ስለሚገባው ባዕድ ነገር ነው። ከቀለሙ ወደ ሰው ሳንባና ወደ አካባቢው የሚሄደው ግን የበለጠ ያስጠነቅቃል። የተበላሸ ቀለም ተፍቆ እንደ ገና ይቀባል፤ የተበላሸ ሳንባ ግን አይታደስም።

በማጠንከሪያ የሚበጠበጡ ባለ ሁለት ክፍል ቀለሞች ብዙዎቹ አይሶሳያኔት የተባለ ንጥረ ነገር አለባቸው። ይህ ንጥረ ነገር አስም ያመጣል፤ አንድ ጊዜ ሰውነቱ የተቈጣበት ሰው ከዚያ በኋላ ጥቂቱም ይጎዳዋል። አፍንጫን በጨርቅ ወይም በወረቀት ጭንብል መሸፈን ከዚህ አያድንም። እንዲህ ያለው ቀለም የሚረጨው ከውጭ ንጹሕ አየር በቱቦ የሚያደርስ ጭንብል ባለበት ነው። ይህ መሣሪያ በሌለበት ግቢ ውስጥ ባለ ሁለት ክፍል ቀለም ፈጽሞ መረጨት የለበትም፤ መሣሪያው ላለው ጋራዥ መስጠት ወይም ሌላ ዓይነት ቀለም መምረጥ ይገባል።

የቲነር ተን ከአየር ስለሚከብድ መሬት ለመሬት ይሄዳል። እናት ቡና የምታፈላበት ፍም በጥቂት ሜትር ርቀት ላይ ቢኖር ተኑ ወደዚያ ደርሶ እሳት ሊይዝ ይችላል። ስለዚህ ከመቀባት በፊት እሳት ሁሉ ይጥፋ፤ ልጆችም ይራቁ። አቧራ እንዳይገባ ተብሎ ቤቱ ፈጽሞ አይዘጋ፤ አየር በንጹሕ ጨርቅ ተጠልሎ በአንድ ወገን ይግባ፤ በሌላው ወገን በታች በኩል ይውጣ። ንጽሕናን ፍለጋ ትንፋሽን መዝጋት አይገባምና።

አሮጌ ቀለም ሲፈተግም እርሳስ ሊኖርበት ስለሚችል አቧራው ለሕፃናት አእምሮ መርዝ ነው። ኢትዮጵያ በ2018 (እ.ኤ.አ.) ባወጣችው ደንብ በቀለም ውስጥ የሚገኝ እርሳስ በአንድ ኪሎ ግራም ከ90 ሚሊ ግራም እንዳይበልጥ ወስናለች፤ ከዚያ በፊት የተቀቡ ተሽከርካሪዎች ግን ዛሬም በመንገድ ላይ አሉ። ስለዚህ አሮጌ ቀለም በደረቁ ሳይሆን በውኃ ይፈተግ፤ ዝቃጩም ይሰብሰብ። መርጫ የታጠበበት ቲነርም ወደ ጉድጓድ ውኃ ወይም ወደ ወንዝ አይፈስም፤ ክዳን ባለው የብረት ዕቃ ውስጥ ቢቀመጥ ቀለሙ ይዘቅጣል፤ ከላይ የጠራው ለሚቀጥለው እጥበት ያገለግላል። ከአልዌሮ ዓሣ የሚያጠምድ ሰው የጎረቤቱን ቀለም አብሮ መብላት የለበትም።

እንግዲህ ከዚህ ሁሉ የምንረዳው፣ በቀለም ሥራ ከሚያልፈው ጊዜ አብዛኛው የሚውለው ለመቀባት ሳይሆን ለማጠብ፣ ለመጥረግ፣ ለመፈተግና ለመጠበቅ መሆኑን ነው። የሚታየው ውበት በማይታየው ዝግጅት ላይ ይቆማል። ቸኩሎ የቀባ ሰው ሁለት ጊዜ ይቀባል፤ አስቀድሞ ያጸዳ ሰው ግን አንድ ጊዜ ቀብቶ ወደ ሥራው ይሠማራል።

መልመጃ

ሀ. ከምንባቡ በመነሣት የሚከተሉትን ጥያቄዎች መልሱ።
1. ላሜራ ሳይታጠብ ቢፈተግ ምን ጉዳት ይደርሳል? ምክንያቱን አስረዱ።
2. የውኃ ማጥመጃው ከኮምፕሬሰሩ አጠገብ የማይተከለው ለምንድን ነው?
3. ወለልን በውኃ ማርከፍከፍ በበጋ ጠቅሞ በክረምት የሚጎዳው ስለ ምንድን ነው?
4. በምንባቡ ውስጥ ንጽሕናና ደኅንነት የሚጋጩበትን ቦታ አሳዩ፤ እንዴት እንደ ታረቁም ግለጹ።

ለ. «ስለዚህ»፣ «ይሁን እንጂ» እና «ምክንያቱም» የተባሉት አያያዦች በምንባቡ ውስጥ የገቡባቸውን ዐረፍተ ነገሮች አውጡ፤ እያንዳንዱ አያያዥ ምንን ከምን ጋር እንዳገናኘ ተናገሩ።

ሐ. በአካባቢያችሁ የሚሠራ አንድ የእጅ ሥራ መርጣችሁ፣ ሥራው የሚበላሽበትን ምክንያትና መከላከያውን በቅደም ተከተል የሚያስረዳ ባለ አራት አንቀጽ ገላጭ ድርሰት ጻፉ።